የአዮ ፌስታል

እስቲ ጠጋ በሉ። አቦሉ ገና አልተቀዳም፣ ዝናቡም የሚያባራ አይመስልም፣ ጅማ ሲዘንብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ሰውን ከሰው አያሰማም፤ እኔም ድምፄ እንደ ድሮው አይደለምና ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ።

የምተርክላችሁ ስለ አንዲት እናት ነው። ስማቸውን አልጠራም። ልጆቻቸውም ጎረቤቱም «አዮ» ይሏቸዋል፣ በአገሩ ኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፣ እኔም አዮ እላቸዋለሁ። አንድ ሰው አድርጌ ላውራላችሁ እንጂ በአዮ ውስጥ የአጋሮም፣ የሊሙም፣ የጌራም፣ የሰቃም እናቶች አሉበት፤ የአንዷን መንገድ ከሌላዋ ደረሰኝ ጋር ቀጥዬዋለሁ። ሰምታችሁ «ይቺንስ አውቃታለሁ» ብትሉ አልፈርድባችሁም።

አዮ የሚኖሩት ከአጋሮ ወጣ ብሎ በጮጬ በኩል ነው፤ ያ የፍየል እረኛው ተረት የሚወራበት፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው የሚባልበት አገር። ከጓሯቸው ጥቂት መቶ እግር ቡና አለቻቸው፣ ባላቸው ካለፉ ወዲህ በእሷ ነው ልጆች ያሳደጉት። ሳጥናቸውን ብትከፍቱ አንድ ጥቁር ፌስታል ታገኛላችሁ፤ በፌስታሉ ውስጥ ሦስት ደብተር አለ፦ የመሬቱ፣ የእድሩና የጤና መድህኑ። ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ወረቀት በእኛ ዘንድ ያለ ፌስታል አይኖርም።

የእድሩን ደብተር ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰው ሲሞት ለፋፊው ይወጣል፣ ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ድንኳኑ ይተከላል፣ በርጩማውና ብርጭቆው በጋሪ ይመጣል፣ ገንዘብ ያዡም ጠጋ ብሎ የተቋጠረ ብር በሟች ቤተሰብ እጅ ያስይዛል። ማንም «ደረሰኝ አምጣ» አይልም። መሞቱን አገር አይቶታልና።

የጤና መድህኑ ደብተር ግን የቅርብ ጊዜ ነው። በ2003 ዓ.ም. ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ሊሙ ኮሳ ነበር፤ ሌሎቹ ኩዩ፣ ግምቢቹና ደደር ናቸው። ደመወዝተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የራሱ መድህን ታውጆለት «ዛሬ ይጀመራል፣ ነገ ይጀመራል» ሲባል ዓመት በዓመት ላይ ሲቆጠር፣ ገበሬው ቀድሞ ገባበት። ነገሩም ለሰሚው ቀላል ነበር፤ በዓመት አንድ መዋጮ ለመላው ቤተሰብ፣ መክፈል ለማይችለው ደሃ መንግሥት ይከፍላል፣ ከዚያ ወዲያ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ኪሱን አይዳብስም። ከሊሙ ኮሳ ተነስቶ ወረዳ ለወረዳ ተዳረሰና አዮም መንደር ደረሰ፤ የቀበሌው ሰው መጥቶ ሲያስረዳ ሴቶቹ ግራ ቢጋቡበት ጊዜ፣ «እናቶቼ፣ ይሄም እድር ነው፤ ያኛው የሞት እድር፣ ይሄኛው የሕመም እድር» አላቸው። አዮ ይቺን ቃል ወደዷት። ገቡ። ይህን «የሕመም እድር» የሚለውን ቃል በልባችሁ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ በኅዳር ነው። ቡናው ቀልቷል፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ከሸለቆው ተነስቶ እስከ ግራሩ ጫፍ ይደርስና ፀሐይ ስትወጣ ይበተናል፣ ለቃሚው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያልፋል። አዮ የሞላ ቅርጫት ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ አልጋው፣ ማለት ቡናው ወደሚሰጣበት ቆጥ፣ ሲሄዱ በግራ ጡታቸው በኩል አንድ ነገር ተሰማቸው። ቅርጫቱን አስቀመጡና ዳበሱት። ባቄላ ያህላል፣ አያምም። ዙሪያቸውን አዩ፣ ማንም አላየም፣ ቅርጫቱን አንስተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ለምን ያኔ አልተናገሩም?» እንዳትሉኝ። የቡና አገር ሰው ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንዴ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር እሸቱን ለማጠቢያው ይሸጣል፣ ጀንፈሉን አድርቆ ያስቀምጣል፣ የዓመቱ ጨውና ደብተር፣ የልጅ ጫማና የእድር ውዝፍ ሁሉ ከዚያች ነው የሚወጣው። በለቀማ መሐል «አሞኛል» ማለት ዓመቱን ሙሉ መታመም ነው። ስለዚህ አዮ ኅዳርን ዝም፣ ታኅሣሥን ዝም፣ ጥርን ዝም አሉ፣ የመድህኑንም መዋጮ እንደ ወትሮው ከቡናው ላይ ቀንሰው ከፈሉ፣ ከዚያ በየካቲት ለጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ነገሯት። ባቄላዋ ያኔ እንቁላል አክላ ነበር። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚበረታው ካንሰር የጡቱ ቀዳሚው ነው፣ የማኅፀን በሩ ይከተለዋል፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እንዲህ እንደ አዮ ዘግይተው ነው።

ልጅቷ ደነገጠች፣ ግን አላሳየችም። ጤና ጣቢያ ይዛቸው ሄደች፣ ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈ፣ አዮም በነጋታው ባጃጅ ከሚነዳው ልጃቸው ጋር ገና ሳይነጋ ተነስተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፌስታላቸውን በብብታቸው ይዘው ከአጋሮ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለጤነኛ ሰው አጭር መንገድ ናት፣ ግራና ቀኙ ቡናና ጥላ ዛፍ፣ ታችኛው ዳገት ላይ ጭስ የሚተፋ ጎጆ። አዮ ግን በየመታጠፊያው ደረታቸውን በእጃቸው እየደገፉ ሄዱ። ልጁ አየ፤ አይቶም በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ፣ ማየቱን እንዳያዩበት።

ጅማ ደረሱ፣ ትልቁ ሆስፒታል ገቡ፣ ተሰለፉ፣ ሰዓቱ አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ከዚያ በመስኮቱ ቀዳዳ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ገለበጠችና በጣም በትሕትና፣ «እናቴ፣ ይቺ ወረቀት አንድ ማህተም ይጎድላታል» አለቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው ወገኖቼ። መድህኑ መሰላል አለው፦ ከጤና ጣቢያ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ትልቁ። ደረጃ የዘለለ የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይክፈል ነው ሕጉ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ለራስ ምታቱ ጅማ ቢጎርፍ ትልቁ ሆስፒታል ራሱ ይታመማል። የአዮ ወረቀት ግን ከጤና ጣቢያ ወጥታ መካከለኛውን ደረጃ ዘልላ ነበር። ጻፊው ባለሙያ እብጠቷን አይቶ ለአዮ አዝኖ «ይፍጠኑ» ብሎ ነው በቀጥታ የላከው። ርኅራኄው ሁለት ቀን አስቆጠራቸው። ወደ አጋሮ ተመልሰው፣ በነጋታው ወረፋ ይዘው፣ ማህተሟን አስመትተው፣ በሦስተኛው ቀን እዚያችው መስኮት ላይ ቆሙ። ልጅቷም አስታወሰቻቸውና ከወንበሯ ተነስታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ከዚያ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤት ተጠበቀ፣ ውጤቱም መጣ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ነገራቸው፣ ቃሉን ሲጠራም ድምፁን አልቀነሰም፣ እኔ ይሄን እወድለታለሁ። በየ21 ቀኑ ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ጨረር አላቸው። አዮ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጨረሩ አዲስ አበባ ነው?»

ጥያቄያቸው የመጣው ከድሮ ነው። ለብዙ ዓመታት በዚህ ሰፊ አገር የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ የጅማ ሰው የጊቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ወራት የሚፈጅ ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ የሚያርፍበት ደጅ ያጣ ነበር። የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ በልጃቸው ስም ማኅበር አቁመው፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ የካንሰር ታማሚ ማረፊያ እስከ መክፈት የደረሱት ይህን አይተው ነው። የአዮ ጎረቤት አንዷ በዚያ ዘመን ሄደው አልተመለሱም። ሐኪሙ «ዛሬ እዚሁ ጅማ ላይ አለ እናቴ» ሲላቸው፣ አዮ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «አልሃምዱሊላህ» አሉ። በዚያች ቀን ያለቀሱት ለዚህች ብቻ ነው።

ኬሞው ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ነርሷ በመርፌ ውስጥ ያለውን ቀይ ፈሳሽ አሳየቻቸውና «ሽንትዎ ይቀላል፣ እንዳይደነግጡ» ስትላቸው አዮ አጎንብሰው አዩትና «እሸት ቡና ይመስላል እኮ» አሉ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዙሩ በየ21 ቀኑ ይመጣል። የካንሰር ቀን መቁጠሪያ ለቡና ቀን መቁጠሪያ አይታዘዝም፤ መድህኑ መዋጮ የሚሰበስበው ገበሬው ገንዘብ ባለው ጊዜ ነው፣ ሕመሙ ግን ሐምሌም ላይ ይመጣል፣ ሐምሌ ደግሞ በቡና አገር ዶሮ እንኳ የማይሸጥበት ወር ነው።

ሐምሌ ላይ መድኃኒት ጠፋ። ሁሉም አይደለም፣ ከሚታዘዙት ሁለቱ። መድህኑ በውሉ ጤና ተቋም ያለውን ይሸፍናል፤ የሌለውን ከውጭ ገዝተህ፣ ደረሰኝ ይዘህ፣ ወረዳህ ሄደህ ነው ገንዘብህን የምትጠይቀው። ለመጠየቅ ደግሞ መድኃኒቱ እንዳልነበረ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ፋርማሲው ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማህተም ይመታልሃል። እስቲ አስቡት፣ በአገራችን ያለውን ነገር ለማግኘት ብቻ አይደለም፣ የሌለውም ነገር አለመኖሩ እንዲታመንልህ ማህተም ይፈልጋል። ልጁ ሁለት ደረሰኝ፣ ሁለት «የለም»፣ ከፌስታሉ ውስጥ ከተተ። በቀጣዩ ዙር ሦስት ሆነ። ከዚያ ሰባት።

ባጃጁን አቁሞ ወረዳ ሄደ። የመድህኑ ጸሐፊ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠው፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ እንደገና አወረደ፣ ከዚያ «ወንድሜ፣ ሦስት ሴት ነው ያመጣህልኝ» አለው።

ልጁ አልገባውም። ጸሐፊው በጣቱ አሳየው። በመድህኑ ደብተር ላይ የአዮ ስም በቁቤ ተጽፏል፤ በቁቤ ድምፅ ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፣ ሲጠብቅም እንደዚያው። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ በአማርኛ ነው፣ ማጥበቅና ማርዘሙ የለም። የግል ፋርማሲው ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ለጆሮው እንደመጣለት ጫር አድርጎታል፣ የአባት ስም ላይም አንድ ፊደል ዋጥ አድርጓል። አንዲቷ እናት በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ሴት ሆኑ፤ አንዷ ትዋጣለች፣ አንዷ ትታከማለች፣ አንዷ መድኃኒት ትገዛለች፣ እና እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ልጁ ጮኸ። እኔም ብሆን እጮኽ ነበር። ጸሐፊው ግን አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ይሄ ገንዘብ የእኔ አይደለም፣ የጎረቤቶችህ ነው። እዚህ ወንበር ላይ የሞተ ሰው ደረሰኝ ይዞ የመጣም አይቻለሁ። ኦዲተሩ መጥቶ ስሞቹ አይገጥሙም ቢል የምመልሰው የለኝም» አለው። ከቀበሌ ሦስቱም ስም የአንዲት ሴት መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ እንዲያመጣ ነገረው። ከዚያ የተዘረጉትን ወረቀቶች ሰብስቦ በየቀናቸው ደርድሮ፣ ጥጋቸውን ጠረጴዛው ላይ ነካ ነካ አድርጎ አስተካክሎ፣ በስቴፕለር አያያዘለት። ልጁ ተናዶ ወጣ፤ ቢሆንም ያ ሰው ወረቀቶቹን እንዴት አድርጎ እንዳስተካከላቸው ለብዙ ጊዜ ትዝ እንደሚለው ነግሮኛል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ሄዷል። በማግስቱ ማህተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ዝናብ መንገዱን በላው። እናም ቀጣዩ ዙር መጣ።

በዚህ መሐል ከሚኒሶታ ስልክ ተደወለ። የአዮ የወንድም ልጅ ናት፣ እዚያ ብዙ የእኛ ሰው አለ። ወሬውን ሁሉ ከሰማች በኋላ፣ «አዮ፣ እኔም ባለፈው ዓመት ምርመራ ታዝዞልኝ መድህን ድርጅቱ ካልፈቀደ አይሆንም ብለው ወር አስጠበቁኝ» አለቻቸው። አዮ ተገረሙ። «እዚያም ማህተም አለ?» «እዚያ በስልክ ነው አዮ፤ ሙዚቃ እያሰሙ ያስጠብቁሻል።» አዮ ትንሽ አሰቡና «ሙዚቃውስ ጥሩ ነው?» አሏት። ልጅቷ ባሕር ማዶ ሆና ሳቀችና ኋላ አለቀሰች፤ ብርም ላከች፤ የላከችው ለአንድ ዙር በቃ።

ለቀጣዩ ግን አልበቃም። ልጁ ባጃጁን ሊሸጥ ደላላ አናገረ። ይሄ ወሬ ነው እድሩ ጆሮ የደረሰው፣ ለፋፊው ራሱ የደላላው ዘመድ ነዋ። እሑድ ከሰዓት እድርተኛው ተሰበሰበ፣ ዝናቡ ያወርዳል፣ ሰው በበርጩማ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ ቡና ይፈላል፣ ጸሐፊው መተዳደሪያ ደንቡን አውጥቶ አነበበ፦ ክፍያ የሚፈጸመው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ነው። ለበሽታ የሚል የለም። አንዱ «ደንብ ከተጣሰ ነገ ሁሉም ጉንፋን ይዞ ይመጣል» አለ፤ እውነት ነው፣ እድር ያፈረሰው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ሌላው «ታዲያ ትሙት?» አለ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። የእድሩ ዳኛ በዱላቸው መሬቱን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

ከበሩ ጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ ባላቸውንም ሁለት ልጆቻቸውንም በዚሁ እድር ድንኳን የቀበሩ፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገሩ፣ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «እናንተ ሰዎች፣ ሞታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማታ ድንኳኑ ተተክሎ ብሩ እጃቸው ገብቶ ነበር። በሕይወት በመኖሯ ነው የምትቀጧት?» አሉ።

ያን ጊዜ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ተሰማ።

የቀበሌው ሰው «የሞት እድር፣ የሕመም እድር» ያላት ቃል ትዝ አለቻችሁ? አዮን ያስገባቻቸው እሷ ናት፤ ቃሏም ሐሰት አልነበረችም። ጎደለ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ሞትን ጎረቤት በዓይኑ ያየዋል፣ ስለዚህ እድር ወረቀት አይጠይቅም፤ ሕመምን ግን መድህኑ ከሩቅ ነው የሚያየው፣ በወረቀት ቀዳዳ፣ ስለዚህ አንድ ፊደል ስትጎድል ሰውየው ይጠፋበታል። መድህኑ ያለ ወረቀት አይሄድም፣ ይሄንን ጸሐፊው አስተምሮናል። ነገር ግን ወረቀቱ እስኪስተካከል ድረስ ታማሚው የሚቆምበት መሬት ያስፈልገዋል፤ 21 ቀን ማህተም አይጠብቅም።

ዳኛው ፍርዳቸውን ሰጡ። ስጦታ አይደለም፣ ደንብ አይፈርስም፤ ብድር ነው፣ ያለ ወለድ፣ የመድህኑ ገንዘብ ሲመጣ ይመለሳል፣ ሳይመጣ ቢቀር በቡና ጊዜ ቀስ እየተባለ ይከፈላል። ሁሉም «እሺ» አለ፣ ያ የጉንፋኑ ሰውዬም ጭምር። ሌላም ጨመሩበት፦ ሦስት ሽማግሌ ነገ ቀበሌ ሄዶ ሦስቱ ስም የአንዲት እናት መሆኑን ይመስክር። ሽማግሌዎቹ በጭቃው ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ሄዱ፤ የመሳቢያው ቁልፍም፣ ለሽማግሌ ሲሆን፣ በዚያው ቀን ተገኘ።

ከሰባቱ ደረሰኝ አራቱ ኅዳር ላይ ተከፈለ። ሁለቱ «የለም» የሚለው ማህተም ደብዝዞ ስለማይነበብ ቀሩ፣ አንዱ እስከ ዛሬ በመታየት ላይ ነው። አዮ ቀዶ ጥገናቸውን ጨርሰዋል፣ ጨረራቸውን ጨርሰዋል፣ ቅርጫት አያነሱም፣ አልጋው ዳር ተቀምጠው ግን የተሰጣውን ቡና ያገላብጣሉ፣ ጥሬውንም ከበሰለው በዓይናቸው ይለያሉ።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁና ልቋጭ፣ ቶናው ደርሷል። የዚያን እሑድ ምሽት፣ ብሩ ሲቆጠር፣ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ ግራ ገባው። መዝገቡ ሦስት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦ የሟች ስም፣ ያለፉበት ቀን፣ የተከፈለ። ለብድር፣ ለሕመም የሚባል ቦታ የለውም። እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ የአዮን ስም፣ እናታቸው እንዳወጡላቸው አድርጎ፣ «የሟች ስም» ከሚለው ሥር ጻፈ፣ ብሩንም ጻፈ፣ «ያለፉበት ቀን» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ዳኛውን ቀና ብሎ አየና፣ «በሕይወት ያሉ» ብሎ ሞላው።

አዮ ይሄን ሰምተው መዝገቡ ቤታቸው ድረስ እንዲመጣ ለመኑ። ማንበብ አይችሉም፣ ጸሐፊው በጣቱ እያሳየ አነበበላቸው። «እንደገና» አሉት። እንደገና አነበበ። አዮም ጣታቸውን ቃሏ ላይ አኑረው፣ «እዚችኛዋ ላይ ማህተም ምቱባት» አሉ።